የአባቴ ግቢ ንግድ ቤት ሊሆን ነው

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2

ዛሬ ምሳ ላይ እሺ አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደ ወጉ ሁላችንም ወንድሜ ፋላኒኮ ዘንድ ሲኡሴጋ ኮረብታው ላይ ወጣን። ፓስተሩም ነበሩ። የክብር ድርሻ የሆነው የዓሣው ራስ ለእኔ ቀረበ፤ ሁሌም ፋላኒኮ ራሱ በእጁ ነው የሚያቀርብልኝ። በልተን ስናበቃ ብድግ ብሎ ንግግር ጀመረ። እኔ የመዝጊያ ጸሎት መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እህቴ ፉአቲኖ፣ አለ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከገበያው ጫጫታ መሀል ስፌት መኪና ላይ እንዳጎነበሰች አረጀች፤ ይህን እያየ የሚተኛ ወንድም ምን ዓይነት ወንድም ነው? ስለዚህ ሳሌኡፊ ያለው፣ እሷ የምትኖርበት የአባታችን ግቢ ከመኖሪያ ወደ ንግድ እንዲዞር ለከተማ ፕላን ቢሮ አመልክቷል። ቤቱ ይፈርሳል፣ ባለ ሁለት ፎቅ ሱፐርማርኬት ይሠራበታል፣ እኔ ኮረብታው ላይ ከእነሱ ጋር ነፋሻ ክፍል ውስጥ እጄን አጣጥፌ እኖራለሁ። «እትዬ፣ የቀረው ያንቺ ቃል ብቻ ነው» አለኝ።

ፓስተሩ እንባቸው አቀረረ። እህት ለወንድሟ የዓይኑ ብሌን ናት ሲባል እሰማ ነበር፣ ዛሬ ግን አየሁት አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? በሰው ፊት እንዲህ ከፍ አድርጎ ያስቀመጠኝን ወንድሜን በሰው ፊት እምቢ ልበለው? «እግዜር ይስጥህ፣ እንዳልክ ይሁን» አልኩት። አጨበጨቡልኝ።

የዓሣው ራስ እስካሁን ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

የተማሪ ልብስ ጊዜ ነው። ሰማያዊ ጉርድ። አሁንም ሰማያዊ ጉርድ። ደስ ብሎኛል እኮ። ነፋሻ ክፍል ማን ይጠላል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ፋላኒኮ ከቢሮው የመጣች አንዲት ወጣት ባለሙያ ይዞ መጣ። አጥሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ቸነከሩ፦ ይህ ቦታ ወደ ንግድ ሊዞር ተጠይቋል፣ የሚቃወም በጽሑፍ ያመልክት፣ ጉዳዩ ማርች 20 ይሰማል። ከዚያ ልጅቷ ፕላኑን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። የእኔ መኝታ ቤት የዕቃ ማራገፊያ ሆኗል። አባቴና እናቴ የተኙበት፣ ግቢው ውስጥ ያለው የሲሚንቶ መቃብር ደግሞ ከመኪና ማቆሚያው መሀል አንዲት ሚጢጢ አረንጓዴ ሳጥን ናት። «አትክልት» ይላል ላዩ ላይ።

«አትክልት ማለት እነማን ናቸው?» አልኩ።

ፋላኒኮ አንገቱን እያከከ፣ ዙሪያውን የብረት አጥር እናደርግላቸዋለን፣ አበባ እንተክላለን፣ ማንም መኪና አይጠጋቸውም አለኝ። አባባ ቢያይ ይስቃል፣ ገበያ ይወድ ነበር አለ። እውነቱን ነው፣ ይወድ ነበር።

ለማወቅ ያህል ልጅቷን፣ ጎረቤት ቢቃወም ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳት። በቂ ምክንያት ያለው፣ በተለይ ፊት ለፊት የሚኖር ሰው ከተቃወመ ብዙ ጊዜ አይፀድቅም አለችኝ። ለማወቅ ያህል ነው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ፊት ለፊቴ የምትኖረው ሲኤኒ ናት። ያጠበብኩላትን ቀሚስ ላደርስላት ሄድኩ። ልትወስደው ትመጣ ነበር፣ ግን እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።

አስም አለባት፤ በረንዳዋ ላይ በጭንቅ እየተነፈሰች ተቀምጣለች። ወሬ ወሬን እያነሣው ስለ ጭነት መኪና ተነሣ። የሱፐርማርኬት ዕቃ ሌሊት ነው የሚራገፈው፣ ሞተሩን አያጠፉትም፣ ጭሱ በቀጥታ ወደ በረንዳዋ ነው የሚመጣው አልኳት። ሲኤኒ ማራገቢያዋን አቆመች።

«አንቺ ተስማምተሻል አይደል?»

«በጣም እንጂ።»

«ታዲያ የመኪና ጭስ የምታሸቺኝ ለምንድን ነው?»

«ወሬ ነዋ» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ውሃ ቀዳሁላትና ተመለስኩ። እኔ እንኳ ምንም አላልኩም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ዝናብ። መንገዱ ወንዝ ሆኗል፤ የአንድ እግር ጫማ ሲሄድ አየሁ።

ሲኤኒን ደህና መሆኗን ልጠይቅ በጃንጥላ ተሻገርኩ። ውሃው ደረጃዋ ላይ ደርሷል። አሁን የእኔ ግቢ አፈር ስለሆነ እየጠጣው ነው፤ ሙሉውን ሲሚንቶ ቢያደርጉት ወዴት ይሄድ ነበር ብዬ አሰብኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያሰብኩት መሰለኝ። ቀና ብላ አየችኝ። የቢሮው ሰዎች እስከ አሥር ሰዓት እንደሚቀመጡም እግረ መንገዴን ጠቀስኩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

የፋላኒኮ ሚስት ፋአፒሳ መጣች። ለእኔ ክፍል ያሰፋችውን መጋረጃ ቁራጭ አሳየችኝ፤ ቢጫ፣ ትንንሽ የአናናስ ሥዕል ያለበት። ፋላኒኮ ግድግዳውን ራሱ እየቀባ ነው፣ ሠራተኛ እንቅጠር ብለው እምቢ አለኝ፣ የእትዬን ክፍል ሌላ ሰው አይነካውም ይላል አለችኝ። ወገቡን አሞታል ሲቀባ። አንጀቴን በላው።

ጥሩ መጋረጃ ነው። እኔ ግን ቢጫ አልወድም፣ ይህን ሠላሳ ዓመት ያህል ማንም አያውቅም፤ ያመጡልኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እለብሳለሁ።

መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ አልፈልግም ያልኩት? ሳስብ ውዬ አጣሁት። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26

ሲኤኒ ጽፋ አስገባች። ጭስ፣ ጎርፍ፣ የሌሊት ጫጫታ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል። እኔ ከነገርኳት አንድም አልቀረ፤ እንዲያውም ስለ መቃብሩም ጨምራለች፣ ሙታንን ከገበያ ጋሪ ጋር አታሰልፉ ብላ።

ፋላኒኮ ደወለ።  ይቺ ሴት ምን አድርገናት ነው፣ አንቺን እንዳታርፊ የምትከለክልሽ አለ። እኔን ዕረፍት እንደከለከለችኝ ነው የቆጠረው። ተው፣ ታማሚ ናት አልኩት። «አንቺ ሁሌም ለሰው ታዝኛለሽ» አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ እዚህ ልጻፈው፣ ማንም አያየውም፤ ደስ አለኝ። በቤቱ ዞር ዞር ብዬ የየክፍሉን በር ነካካሁ። ሁለተኛ የተሰማኝን አልጽፈውም።

እሑድ፣ ማርች 2

ጉድ ፈላ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሲኤኒ በሦስቱ ልጆቿ ታጅባ ደረጃውን እየወረደች ነበር። ልጆቿ ወደብ ላይ የሚሠሩ፣ በር የሚያህሉ ናቸው። ፋላኒኮ ገና አፉን ሳይከፍት ክንዱን ያዝኩት፣ ግን ሸሚዙን ብቻ ነው ያገኘሁት። ሕዝቡ እየሰማ እንዲህ አላት፦

«የባልሽን መቃብር እንኳ የሰው መሬት ለምነሽ ያገኘሽ፣ የእኔ አባት የት እንደሚተኛ አንቺ ልትነግሪኝ?»

 ባሏ ከሌላ ደሴት የመጣ፣ እዚህ መሬት የሌለው ሰው ነበር፤ የተቀበረው በሚስቱ አጎት ግቢ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አፉን አልከፈተበትም። ሲኤኒ ፋላኒኮን አልፋ እኔን አየችኝና የልጇን ክንድ ይዛ ሄደች።

ምሳ ላይ የዓሣው ራስ ቀረበልኝ። አልበላሁትም። ፋአፒሳ ብቻ ናት የተናገረችው፦ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።» ፋላኒኮ ራሱም ያለውን ሲያስበው ፊቱ አመድ መስሏል።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

የፋላኒኮ መኪና የፊት መስታወት በድንጋይ ረግፏል። እዚህ ደጄ ላይ ቆሞ ሳለ። ማን እንደወረወረው ያላየ የለም፣ አየሁ የሚል ግን የለም። እሱም ለፖሊስ አልተናገረም። በመጥረጊያ ስንጠርገው፣ «ይገባኛል፣ አባቴን ቢነኩብኝ እኔም እወረውር ነበር» አለ። እጁ ደምቶ ነበር፣ በሰማያዊ ጨርቅ አሰርኩለት።

ያኔ ልነግረው አፌ ደርሶ ነበር። ደንበኛ መጣች።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ልጆቿ ማታ ማታ ጠጥተው አጥራችን ሥር ይቆማሉ።  የሲጋራቸው እሳት ይታየኛል። ፋላኒኮ እዚህ በመጣ ቁጥር እሰጋለሁ፤ አትምጣ ብለው ደግሞ ብቻሽን አልተውሽም ብሎ ሳሎን መተኛት ጀመረ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሶፋው ያጥረዋል፣ እግሩ በርጩማ ላይ ነው የሚያድረው። ለእኔ ብሎ። ሁሉም ነገር ለእኔ ተብሎ ነው።

ፓስተሩ መጡ። ደም ሳይፈስ ኢፎጋ ውረድ፣ ምንጣፍ ተከናንበህ ደጇ ላይ ተንበርክከህ ይቅርታ ጠይቅ አሉት። አላንገራገረም። «ምንጣፍ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የቤተሰቡ ጥሩ ምንጣፍ ያለው እህት ዘንድ መሆኑን እያወቀ፣ በትሕትና ነው የጠየቀኝ። እናታችን በመጨረሻ ከቅጠል የሠራችው አለ፣ ሐር የመሰለ፣ ከአልጋዬ ፍራሽ ሥር የተነጠፈ። አወጣሁት።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ካልጻፍኩት አያስቀምጠኝም።

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ፋላኒኮ ከሲኤኒ ደረጃ ፊት እርጥቡ ሳር ላይ ተንበረከከ። ፋአፒሳና እኔ ከግራና ከቀኙ ተቀመጥን፣ ምንጣፉን በሦስታችን ላይ ተከናነብነው። ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ የደረቀ ቅጠል ይሸታል። ከውጭ የልጆቿ እግር ይሰማል፤ አንደኛው ቆንጨራ ይዟል፣ አስፋልቱ ላይ ሲጎትተው ይሰማኛል። በወጋችን ሲኤኒ ምንጣፉን እስክታነሣው ድረስ በእጃቸው ነን። ካላነሣችው ደግሞ የሚሆነው ይሆናል።

ፀሐይ ወጣች፤ ከላይ በምንጣፉ ቀዳዳዎች ብርሃኑ ገባ። ሲኤኒ አልመጣችም።  ከዚያ ፋላኒኮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፦

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ። በእኔ አፍ ምክንያት በእርጅናሽ ጭቃ ላይ አስቀመጥኩሽ።»

እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልነግረው ፈለግኩ። ሲኤኒን የላክኋት እኔ ነኝ ልለው ፈለግኩ።  እጁን ብቻ ያዝኩት፤ እሱ ደግሞ ይቅርታ ያደረግኩለት መስሎት አጥብቆ ጨበጠኝ።

በመጨረሻ ተንሸራታቹ ጫማዋ ተሰማ። ምንጣፉን ገለጠችው። «ተነሥ፣ ፋላኒኮ። ለባሌ ተንበርክከሃል፣ በቃው» አለችው፤ አለቀሰ፣ ልጆቿም አለቀሱ፣ ቆንጨራውን የያዘው ትልቁ ልጅ ነው ደግፎ ያስነሣው። ሻይና ዳቦ ቀረበ። እኔ ስነሣ ሲኤኒ እጇን ሰጠችኝ። ሰላምታ አልነበረም፣ ጎትታ አቆመችኝ። ከዓይኔ ዓይኗን አላነሣችም።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ሲኤኒ ተቃውሞዋን አንሥታለች።

ስሰማ ሮጬ ነው የተሻገርኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ጎርፉስ፣ ጭሱስ አልኳት። ማራገቢያዋን አስቀምጣ በደንብ አየችኝ።

«ሰው ፊቴ ተንበርክኮ ካበቃ በኋላ ወረቀት ይዤበት እቆማለሁ? ይኸው ነው የምታውቂኝ?»

«አይደለም፣ ግን...»

«ፉአቲኖ፣ እኔ የጻፍኩት ያንቺን ሆድ ነው። የተሰደብኩት ግን እኔ ነኝ፣ የተሰደበው ባሌ ነው። ከእንግዲህ የሆድሽን በራስሽ አፍ ተናገሪው።»

ከዚያ ማራገቢያዋን አነሣች። «ከፈሩ አይናገሩ፣ ከተናገሩ አይፍሩ» አለች ወደ መንገዱ እያየች፤ ለእኔ ሳይሆን ለውሻዋ የነገረችው ነው የሚመስለው።

እሑድ፣ ማርች 16

ተቃዋሚ የለም። ሐሙስ ይፀድቃል ይላሉ። የሱፐርማርኬቱ ሰዎች መለኪያ ይዘው መጥተው መሬቱ ላይ በኖራ ምልክት አደረጉ፤ አንዱ መስመር በመኝታ ቤቴ በር በኩል ይገባል። ፋላኒኮ ደስተኛ ነው። መጋረጃው ተሰቅሏል።

ዛሬ ምሳ ላይ ልናገር ነበር። ዓሣውን ሲያቀርብልኝ ፈገግ አለ፣ እኔም ፈገግ አልኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

እዚህ ቤት ተወለድኩ። ከዚህ ተድሬ ወጣሁ፣ ባሌ ሲሞት እዚህ ተመለስኩ። መስኮቱ ጋ ስቀመጥ ሰው ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል፣ የተተረተረ ልብስ ይዞ ይገባል። ኮረብታው ላይ ማን ያልፋል? ነፋስ።

ይህን ለፋላኒኮ ለመንገር ስድስት ሳምንት ነበረኝ። እንደዚህ ሲጻፍ እንዴት አጭር ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ትንሽ አዳራሽ ናት። ሰብሳቢው ማመልከቻውን አነበቡ፤ ቀርቦ የነበረው ተቃውሞ ተነሥቷል፣ ሌላ አስተያየት ያለው አለ? አሉ። የሚጠይቁት ለወጉ ነው፤ እስክሪብቶው በእጃቸው ነበር። ፋላኒኮ ከጎኔ በነጭ ሸሚዝ ተቀምጧል።

ተነሣሁ። ወንበሩ ጮኸ። ፋላኒኮ የታመምኩ መስሎት ክርኔን ደገፈኝ።

«ግቢው ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ» አልኩ። «መልቀቅ አልፈልግም። ፈልጌም አላውቅም። ሲኤኒ የጻፈችውም የእኔን ቃል ነው፣ ሄጄ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ክርኔን የያዘው እጅ ቀስ ብሎ ተለቀቀ። ሰብሳቢው ወደ ፋላኒኮ አዩ። ቆመ። ሸሚዙን አስተካከለ። «ማመልከቻዬን አነሣለሁ» አለ። «እህቴ ካልፈለገች ነገሩ የለም።» ለሁሉም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። የሱፐርማርኬቱ ሰውዬ ፕላኑን ሲጠቀልል ነው የሰማሁት፣ ሌላ ምንም አልሰማሁም።

ውጭ ደረስኩበት። መስታወት በሌለው መኪናው ተደግፎ ቆሟል። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እትዬ» አለኝ፣ «ያን ቀን ምሳው ሲያልቅ ጠርተሽ አንድ ቃል ብትነግሪኝ፣ አልፈልግም ብቻ ብትይኝ፣ ወረቀቱን እዚያው እቀደው ነበር። ይህን አታውቂም?»

አውቃለሁ። ሁልጊዜም አውቅ ነበር። የእኔን ቃል አጥፎ አያውቅም። ዝም ያልኩት ደግ እህት ለመባል ብዬ ነው፣ ለጭብጨባው ብዬ ነው።

«ምንጣፉ ሥር ይቅርታ ስጠይቅሽ እጄን ያዝሽኝ» አለ። ከዚያ በሩን ከፈተልኝ፤ እንደ ወትሮው ወንበሩን በእጁ ጠርጎ አስቀመጠኝ። እስከ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ። መንገዱን በሙሉ ነፋሱ ፊታችንን መታን።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ቤቱ ቀረልኝ። ሁለት ቀሚስ ጨረስኩ። ልቤ ግን ስፌቱ ላይ አልነበረም።

እሑድ፣ ማርች 30

ፋላኒኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእኔ ሁለት ረድፍ ፊት ነበር። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። «ዛሬ ወገቤን ስላመመኝ ልወስድሽ አልችልም፣ ምሳ ቤትሽ ቢመጣልሽ ይሻላል» አለኝ፤ ፋአፒሳ አመጣችልኝ፣ የዓሣው ራስ እንዳለ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ። ከድርሻዬ ምንም አልጎደለም። ለመቀመጥ ግን ጊዜ የለኝም ብላ ሄደች።

አልቻልኩም። ደወልኩ።

«አቤት፣ እትዬ» አለ። «ምግቡ ደረሰሽ?»

«ፋላኒኮ፣ ስደበኝ» አልኩት። «ጩኽብኝ። ያደረግኩህን አድርገኝ። የፈለግከውን በለኝ፣ ሲኤኒን እንዳልካት በለኝ።»

 ከኋላው የልጆቹ ጫጫታ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ ምሳ ላይ ናቸው።

«ወንድም በእህቱ ላይ አይጮህም» አለኝ። «የጎደለ ነገር ካለ ላኪብን።»

አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት።